ከደመወዝዎ ላይ የተቆረጠው ገንዘብ በስምዎ ገብቷል? ስለ ሶሻል ሴኩሪቲና ስለ ሜዲኬር መዋጮ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በአሜሪካ ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት ጡረታ) እና ለሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን ለሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ስለሚቆረጠው ገንዘብ ነው። ስለ ገቢ ግብር ሰው ሁሉ ይጠይቃል፤ ተመላሽ ስላለው በጉጉት ይጠብቀዋል። ይህ መዋጮ ግን በዓመቱ መጨረሻ የሚመለስ ነገር ስለሌለው ብዙዎቻችን ሳናየው እናልፈዋለን። የወገኖቼን የግብር ወረቀት ሳዘጋጅ በኖርኩባቸው ዓመታት ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ለፍተው ጡረታ ሊጠይቁ ሲሄዱ መዝገባቸው ላይ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ሥራ ብቻ የተገኘላቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ በየዓመቱ የሚሻሻሉት መጠኖች የ2025 ናቸው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ከመጣሁ ሰባት ወሬ ነው፤ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ። በሁለት ሳምንት 1,600 ዶላር ሠርቼ ከገቢ ግብሩ ሌላ በአንዱ መስመር 99 ዶላር ከ20 ሳንቲም፣ በሌላው 23 ዶላር ከ20 ሳንቲም ተቆርጦብኛል። ጓደኞቼ አሠሪህም ይህንኑ ያህል ይከፍልልሃል ይሉኛል፤ በቼኩ ወረቀት ላይ ግን የአሠሪዬን ድርሻ አላየሁትም። እውነት ይከፍላል? ልጆቼን በዳብልዩ 4 ቅጽ ላይ ባስመዘግብስ ይቀንስልኛል?
*ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ*

መልስ፦ አዎ፣ ይከፍላል፤ የመክፈል ግዴታም አለበት። የመጀመሪያው መስመር ለሶሻል ሴኩሪቲ የሚሄደው 6.2 በመቶ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለሜዲኬር የሚሄደው 1.45 በመቶ ነው። ሁለቱ ተደምረው ከእርስዎ 122 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይወጣል፤ አሠሪዎም ልክ ይህንኑ ያህል ከራሱ ካዝና ጨምሮ 244 ዶላር ከ80 ሳንቲም ለመንግሥት ገቢ ያደርጋል። የእሱ ድርሻ በእርስዎ ቼክ ላይ የማይታየው ከደመወዝዎ ስለማይቀነስ ነው፤ አንዳንድ ድርጅቶች ለማሳወቅ ያህል ከግርጌ ይጽፉታል እንጂ የመጻፍ ግዴታ የለባቸውም። በወረቀቱ ላይ ሁለቱን መስመሮች አንዱ ድርጅት «ፋይካ» ሲል፣ ሌላው ደግሞ «ኦ ኤ ኤስ ዲ አይ» እና «ሜድ» እያለ ስለሚጽፋቸው በስማቸው ግራ አይጋቡ። በመቶኛው ካሰሏቸው በቀላሉ ይለዩዋቸዋል።

ይህ እኩል የመካፈል ሥርዓት የመጣው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1935 ከፈረሙት የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ጋር ነው። ገንዘቡ መቆረጥ በጀመረበት በጥር 1937 ሠራተኛው አንድ በመቶ፣ አሠሪው አንድ በመቶ ያዋጡ ነበር፤ የሚቆረጠውም ከዓመቱ ደመወዝ የመጀመሪያ 3,000 ዶላር ላይ ብቻ ነበር። የሜዲኬር መዋጮ በ1966 ተጨመረ። የሶሻል ሴኩሪቲው ድርሻ 6.2 በመቶ ላይ የደረሰው በ1990 ሲሆን፣ በ2011 እና በ2012 የሠራተኛው ድርሻ ለጊዜው ወደ 4.2 በመቶ ዝቅ ከማለቱ በቀር እስከ ዛሬ አልተቀየረም። በነገራችን ላይ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች አብዛኞቹ አሠሪው «ከራሴ ከፈልኩ» የሚለው ግማሽም ቢሆን ውሎ አድሮ ከሠራተኛው የደመወዝ ጭማሪ ላይ የሚቀር ነው ይላሉ፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ግማሾች እንደ ራስዎ ላብ ይቁጠሯቸው።

ዳብልዩ 4 የሚመለከተው የገቢ ግብሩን ብቻ ነው። ልጅ ቢጨምሩም፣ የትዳር ሁኔታዎን ቢለውጡም ከዚህ መዋጮ አንድ ሳንቲም አይቀነስም፤ መዋጮው ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ ይቆረጣል። ከደመወዝዎ ለ401ኬ የጡረታ ቁጠባ የሚያስቀምጡት ገንዘብም መደበኛው ዓይነት ከሆነ የገቢ ግብሩን ይቀንስልዎታል እንጂ ይህን መዋጮ አይነካውም። በመሥሪያ ቤትዎ በኩል ከግብር በፊት የሚከፈል የጤና መድን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ይቀንሳል። በጥር መጨረሻ አሠሪዎ በሚሰጥዎት ዳብልዩ 2፣ ማለትም የዓመቱ ደመወዝዎና የተቆረጠብዎት በሚጻፍበት ወረቀት ላይ፣ በሳጥን 1 (ለገቢ ግብር የሚታሰበው ደመወዝ) እና በሳጥን 3 (ለሶሻል ሴኩሪቲ የሚታሰበው ደመወዝ) የተጻፉት ቁጥሮች የማይመሳሰሉበት አንዱ ምክንያት የ401ኬው ቁጠባ ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ባለቤቱ ያገሬ ሰው ነው። ስቀጠር «ምንም አይቆረጥብሽም፣ ንጹሕ ገንዘብሽን ነው የምትወስጂው» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በሳምንት 700 ዶላር ይሰጠኛል። ጥር ላይ 1099 የሚባል ወረቀት ላከልኝና ግብር የሚሠራልኝ ሰው ከገቢ ግብሩ ሌላ ከ5,000 ዶላር በላይ ዕዳ አለብሽ አለኝ። ሰውየውን መክሰስ አልፈልግም፤ ክርስትና ያነሳልኝ ነው። ግን ይህ ትክክል ነው?
*አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ*

መልስ፦ እህቴ፣ ትክክል አይደለም። ደብዳቤዎን ሳነብ ያዘንኩት ይህ ነገር በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

1099 ለተቀጣሪ የሚሰጥ ወረቀት አይደለም፤ በራሱ ሥራ ለሚተዳደር ሰው የሚሰጥ ነው። በራሱ የሚሠራ ሰው አሠሪም ሠራተኛም ራሱ ስለሆነ ሁለቱንም ግማሾች ብቻውን ይከፍላል። የእርስዎ የዓመት ገቢ 36,400 ዶላር ነው፤ በሕጉ መሠረት የዚህ 92.35 በመቶ ተወስዶ በ15.3 በመቶ ሲባዛ 5,143 ዶላር ይሆናል። በዳብልዩ 2 ተቀጥረው ቢሆን ኖሮ ከእርስዎ የሚቆረጠው 2,784 ዶላር ከ60 ሳንቲም ብቻ ነበር፤ ያውም በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት፣ ሳይሰማዎት። ስለዚህ «ምንም አይቆረጥብሽም» የሚለው ቃል በተግባር ሲታይ «የእኔንም ድርሻ አንቺ ትከፍያለሽ» ማለት ሆኗል። በዚያ ላይ 1099 የተሰጠው ሰው እጁ በዘይት ቢቃጠል በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የተዘጋጀው መድን፣ ከሥራ ቢሰናበትም የሥራ አጥነት ክፍያው እንደ ተቀጣሪ አይደርሰውም።

ተቀጣሪ መሆንና አለመሆን ባለቤቱና ሠራተኛው በተስማሙበት ስም አይወሰንም። አይ አር ኤስ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የግብር መሥሪያ ቤት የሚያየው ሥራውን ማን እንደሚቆጣጠር ነው፦ የሥራ ሰዓቱን የሚወስነው ማን ነው? ዕቃውና መሣሪያው የማን ነው? ሠራተኛው ማትረፍም መክሰርም ይችላል ወይስ የተወሰነለትን ብቻ ይቀበላል? ግንኙነቱስ ቀጣይ ነው ወይስ ለአንድ ሥራ ብቻ? እርስዎ እሱ በወሰነው ሰዓት የሚገቡ፣ በእሱ ምድጃና ድስት፣ በእሱ የምግብ ዝርዝር የሚሠሩ፣ በሳምንት የተወሰነ ክፍያ የሚቀበሉ ከሆነ ተቀጣሪ ነዎት።

በመጀመሪያ ይህን ጽሑፍ ይዘው ሰውየውን በእርጋታ ያነጋግሩት። ብዙ ባለ ምግብ ቤቶች ይህን የሚያደርጉት ክፋት አስበው ሳይሆን የደመወዝ ሥራው ከብዷቸው፣ ወይም ሌላውም እንዲህ ያደርጋል ብለው ነው። ሠራተኞቹን ከዚህ በኋላ እንደ ተቀጣሪ ለመያዝ ራሱ ቀርቦ የሚያመለክትና መሥፈርቱን የሚያሟላ አሠሪ ያለፈውን ዕዳ በእጅጉ ቀንሶ የሚከፍልበት መርሐ ግብር በአይ አር ኤስ ዘንድ አለ፤ ይህን ቢያውቅ ለእሱም ይጠቅመዋል። እንቢ ካለ ግን ኤስ ኤስ 8 የሚባለውን ቅጽ ሞልተው ለአይ አር ኤስ ይልካሉ፤ ክፍያ የለውም፣ ውሳኔው ግን ወራት ይፈጃል። ውሳኔውን ሳይጠብቁም ከግብር ማስታወቂያዎ (በየዓመቱ ከሚያስገቡት የግብር ወረቀት) ጋር 8919 የተባለውን ቅጽ አያይዘው የራስዎን ግማሽ ብቻ መክፈል ይችላሉ። በእርስዎ ጉዳይ 2,358 ዶላር ያህል ይቀርልዎታል፤ ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ደመወዝዎ በሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብዎ ላይ ይሰፍራል። ይህ ክስ አይደለም። ሆኖም ኤስ ኤስ 8 ከተላከ አይ አር ኤስ አሠሪውንም ጠይቆ መልሱን እንደሚሰማ አስቀድመው ይወቁት።

ይህን ስል 1099 ሁሉ በደል ነው ማለቴ አይደለም። የራሱን መኪና ይዞ በፈለገው ሰዓት በመተግበሪያ የሚሠራ ሾፌር በአሁኑ አሠራር በአብዛኛው በራሱ እንደሚሠራ ይቆጠራል። እሱም ቢሆን መዋጮውን የሚያሰላው ከጠቅላላ ገቢው ላይ ሳይሆን ወጪው ከተቀነሰ በኋላ በቀረው ላይ ነው። ለሥራ የተነዳ እያንዳንዱ ማይል በ2025 በ70 ሳንቲም ይታሰባል። ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 40,000 ዶላር የቀረው ሾፌር ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 5,651 ዶላር ከ82 ሳንቲም ይከፍላል፤ የዚህን ግማሽ ደግሞ የገቢ ግብሩን ሲያሰላ ከገቢው ላይ ይቀንሰዋል። ገንዘቡን የሚቆርጥለት አሠሪ ስለሌለ በሚያዝያ፣ በሰኔ፣ በመስከረምና በጥር አጋማሽ ግምቱን በአራት ጊዜ ራሱ መክፈል አለበት። በየዓመቱ በሚያዝያ ወር ጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጠው የሚደነግጡት ሾፌሮች ይህን ሳይነገራቸው የቀሩት ናቸው።

ከሾፌሮች አንዳንዶቹ «ወጪውን ከፍ አድርገህ ገቢዬን ዜሮ አስገባልኝ» ይሉኛል። ያልነዱትን ማይል መጻፍ ወንጀል መሆኑ ሳያንስ፣ ዜሮ ገቢ ማለት ለጡረታ ዜሮ ዓመት ማለት ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የሚሰላው ገቢ በተመዘገበባቸው 35 ከፍተኛ ዓመታት ላይ ተመሥርቶ ነው፤ የጎደለው ዓመት ሁሉ በዜሮ ይሞላል። ለጡረታው ብቁ ለመሆንም 40 ክሬዲት፣ ማለትም ከተመዘገበ ገቢ የሚገኝ የሥራ ነጥብ፣ ያስፈልጋል። በ2025 አንድ ክሬዲት የሚገኘው በ1,810 ዶላር ገቢ ሲሆን፣ በዓመት ከአራት ክሬዲት በላይ አይያዝም።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፤ በሁለት ሆስፒታሎች እሠራለሁ። በአንዱ 110,000፣ በሌላው 90,000 ዶላር አገኛለሁ። የሶሻል ሴኩሪቲ ጣሪያ አለው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ሁለቱም ግን ዓመቱን ሙሉ ቆረጡብኝ።
*ዳላስ፣ ቴክሳስ*

መልስ፦ የሶሻል ሴኩሪቲ መዋጮ የሚቆረጥበት የዓመት ደመወዝ ጣሪያ በ2025 176,100 ዶላር ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ሰው ሊወሰድ የሚገባው ከፍተኛው የሶሻል ሴኩሪቲ መዋጮ 10,918 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው። አሠሪዎችዎ አንዱ የሌላውን ስለማያውቅ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቆጥረው በድምሩ 12,400 ዶላር ቆርጠዋል። ትርፉ 1,481 ዶላር ከ80 ሳንቲም በግብር ማስታወቂያዎ ላይ ሲጠየቅ ይመለስልዎታል፤ የአሠሪዎችዎ ግማሽ ግን አይመለስም። ሜዲኬር ጣሪያ የለውም። እንዲያውም ደመወዝ ከ200,000 ዶላር ሲያልፍ፣ በጋራ ለሚያስታውቁ ባልና ሚስት ደግሞ የሁለቱ ድምር ከ250,000 ሲያልፍ፣ ባለፈው ላይ ተጨማሪ 0.9 በመቶ ይከፈላል፤ ይህን አሠሪው አይጋራም። ባለቤትዎ የሚሠሩ ከሆነ ይህን ገንዘብ አስቀድመው ያስቀምጡ፤ ደመወዝዎ በአንዱም አሠሪ ዘንድ ለብቻው ከ200,000 ስለማያልፍ ማንም አይቆርጥልዎትም።

ጥያቄ፦ እናቴን በግሪን ካርድ አምጥቻታለሁ፤ ዕድሜዋ 61 ነው። ልጆቼን የምትጠብቅልኝ እሷ ናት። ደመወዝ እየከፈልኳት መዋጮውን ብቆርጥላትና የእኔንም ድርሻ ብከፍል፣ ሲደክማት ሜዲኬር እንድታገኝ ይረዳታል?
*ሲያትል፣ ዋሽንግተን*

መልስ፦ ሐሳብዎ ለእናቱ የሚያስብ ልጅ ሐሳብ ነው፤ እግዚአብሔር ይባርክዎት። ሕጉ ግን በወላጅና በልጅ መካከል ያለውን የቤት ውስጥ ሥራ ለብቻው ያየዋል። ልጅ ለወላጁ ለቤት ውስጥ ሥራ የሚከፍለው ደመወዝ በመሠረቱ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር አይቆረጥበትም፤ ስለዚህም ክሬዲት አያስገኝም። ልዩ ሁኔታ የሚኖረው እናትዎ የሚጠብቁት ልጅ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ወይም በሕመም ምክንያት የአዋቂ እንክብካቤ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ እርስዎም ከትዳር ጓደኛዎ ተፋተው ዳግም ያላገቡ፣ ወይም የሞተብዎት፣ ወይም ባለቤትዎ በሕመም ምክንያት ልጁን መንከባከብ የማይችሉ ሲሆን ነው።

እናትዎ የጎረቤትን ልጅ ጎረቤቱ ቤት ሄደው ቢጠብቁ ግን ጎረቤትዎ አሠሪያቸው ይሆናል። በ2025 ከአንድ ቤተሰብ 2,800 ዶላርና ከዚያ በላይ የተከፈላት የቤት ሠራተኛ 7.65 በመቶ ይቆረጥባታል፤ ቀጣሪውም ያንኑ ያህል ጨምሮ ከራሱ የግብር ማስታወቂያ ጋር ይከፍላል። ዕድሜ አያግድም፤ በ61 የጀመረ ሰው ሳያቋርጥ ከሠራ በ71 ዓመቱ ለሜዲኬርም የሚያስፈልገውን 40 ክሬዲት ይሞላል። ሙሉው ባይደርስም ልፋቱ ከንቱ አይቀርም፦ ግሪን ካርድ ይዞ አምስት ዓመት በተከታታይ የኖረ የ65 ዓመት ሰው የሆስፒታል ወጪ የሚሸፍነውን የሜዲኬር ክፍል በወርኃዊ ክፍያ መግዛት ይችላል፤ በ2025 ክፍያው ከ30 ክሬዲት በታች ላለው 518 ዶላር፣ 30 ለደረሰ ግን 285 ዶላር ነው።

ጥያቄ፦ አገር ቤት በመንግሥት መሥሪያ ቤት 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የጡረታ መዋጮዬም ተቆርጧል። እዚህ ይደመርልኛል?
*ሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ*

መልስ፦ አይደመርም። አሜሪካ ከተወሰኑ አገሮች ጋር የሥራ ዘመንን የሚያደማምር ስምምነት አላት፤ ኢትዮጵያ ከእነሱ መካከል የለችም። ሁለቱ ሥርዓቶች አከፋፈላቸውም ይለያያል፤ አገር ቤት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ። ቀድሞ የውጭ አገር ጡረታ ያለው ሰው የአሜሪካው ጡረታ ይቀነስበት የነበረበት ደንብ ግን በጥር 2025 በተፈረመ ሕግ ተሽሯል።

ጥያቄ፦ በአንድ የጽዳት ድርጅት ውስጥ ሁለት ዓመት ሠራሁ። በየቼኩ መዋጮው ይቆረጥ ነበር። ድርጅቱ ተዘጋ፤ ዳብልዩ 2 አልላኩልኝም። የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገቤን ስከፍት ሁለቱ ዓመታት ባዶ ናቸው። ገንዘቤ ተበልቶ ቀረ ማለት ነው?
*አትላንታ፣ ጆርጂያ*

መልስ፦ ገንዘቡ መንግሥት ዘንድ ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ መብትዎ ግን አልተበላም። ጡረታዎ የሚታሰበው በሠሩበት ደመወዝ እንጂ አሠሪው በከፈለው ገንዘብ አይደለም፤ ደመወዙ ለእርስዎ መከፈሉን ካስረዱ ይመዘገብልዎታል።

አሠሪ ከሠራተኛ ላይ የቆረጠው ገንዘብ የራሱ ሀብት አይደለም። ሕጉ በአደራ የተያዘ ገንዘብ ይለዋል፤ ብዙ አነስተኛ ድርጅቶች በሚቀጥለው ወር በ15ኛው ቀን ገቢ ያደርጉታል፣ በየሦስት ወሩም 941 በተባለው ቅጽ ያስታውቁታል። የቤት ኪራይ ሲጎድል ከዚህ ላይ «ተበድሮ» የሚያሟላ ሰው አደራ እየበላ ነው። ድርጅቱ ቢከስርም እንኳ ገንዘቡን የማስተላለፍ ኃላፊነት የነበረበትና እያወቀ ያላስተላለፈ ሰው፣ ባለቤትም ይሁን ሒሳብ ሹም፣ ያልከፈለውን አደራ ሙሉ በሙሉ ከግል ንብረቱ ሊጠየቅ ይችላል።

የእርስዎ ሥራ ወረቀት መሰብሰብ ነው። የቼክ ቁራጮች ካሉዎት ከሁሉም የተሻሉ ማስረጃዎች ናቸው፤ በተለይ የዓመቱ የመጨረሻ ቼክ፣ ምክንያቱም ከጥር ጀምሮ የተከፈለዎትንና የተቆረጠብዎትን ድምር ስለሚያሳይ ነው። ከሌለ ቼኩ የገባበትን የባንክ መግለጫ፣ የቅጥር ደብዳቤውን፣ የሥራ ሰዓት መርሐ ግብሩን፣ አብረውዎት የሠሩ ሰዎችን ምስክርነት ያዘጋጁ። ለግብር ማስታወቂያዎ በዳብልዩ 2 ምትክ 4852 የተባለውን ቅጽ ይሙሉ። ከዚያ ለሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ መዝገብ እንዲታረም የሚጠየቅበትን ኤስ ኤስ ኤ 7008 የተባለውን ቅጽ ከማስረጃዎቹ ቅጂ ጋር ያቅርቡ፤ ዋናዎቹን ከእጅዎ አያውጡ።

ጊዜው እንዳያልፍብዎት ይጠንቀቁ። መዝገብ የሚታረመው ደመወዙ ከተከፈለበት ዓመት ማብቂያ ጀምሮ 3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን እስኪሞላ ነው። ከዚያ በኋላም የሚታረምባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ የአንድ አሠሪ ደመወዝ ከነአካቴው ሳይመዘገብ ሲቀር ስለሆነ ቀኑ አልፎብዎት እንኳ ቢሆን ከመጠየቅ ወደኋላ አይበሉ። በራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች ግን ማስታወቂያቸውን በዚሁ ጊዜ ውስጥ ካላስገቡ የዚያ ዓመት ገቢ ለጡረታቸው አይያዝላቸውም።

ሌሎች አንባቢያንም በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ የየራሳችሁን መዝገብ በነፃ ከፍታችሁ እያንዳንዱን ዓመት ከዳብልዩ 2 ሳጥን 3 ጋር አስተያዩት፤ በጉርሻ የምትሠሩ ደግሞ ሳጥን 7ን ጨምሩበት። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናትና አባት ያላችሁ፣ የእነሱንም አብራችሁ ክፈቱላቸው።